ከጥንድ በሬ እስከ ሎተስ አበባ፦ የሕንድ ኮንግረስ ፓርቲ የበላይነት አነሣሥና አወዳደቅ

ከኦክቶበር 1951 እስከ ፌብሩዋሪ 1952 በቆየው የመጀመሪያው የሕንድ ጠቅላላ ምርጫ፣ ወደ ድምፅ መስጫው ክፍል የገባው የሕንድ ገበሬ ከፊቱ ተደርድረው ያገኛቸው የብረት ሣጥኖች ነበሩ። በየሣጥኑ ላይ አንዳንድ ሥዕል ተለጥፏል። በአንደኛው ላይ ቀንበር የተጫነባቸው ጥንድ በሬዎች፣ በሌላው ላይ የዘይት መብራት፣ በሌላው ደግሞ የእህል ዛላና ማጭድ ይታያሉ። ከ170 ሚሊዮን በላይ ከሆነው መራጭ ሕዝብ አብዛኛው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበርና፣ የምርጫው ዋና ኮሚሽነር ሱኩማር ሴንና ረዳቶቻቸው የቀየሱት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነበር። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ ፓርቲ አንድ ሥዕል ተመደበ። ፊደል ያልቆጠረው ዜጋ ሥዕሉን አይቶ ወረቀቱን ይከታል፤ በዚያች ደቂቃም ከመሬት ከበርቴው ጋር እኩል ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ጥንድ በሬዎቹ የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ምልክት ነበሩ። በእርሻ ለሚኖር ሕዝብ ጥንድ በሬ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም፤ የዓመት ቀለብ፣ የቤት ክብር፣ የነገ ተስፋ ማለት ነው። ኮንግረስም ከ489 የምክር ቤት መቀመጫዎች 364ቱን ወሰደ። ስድሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2014 በተደረገው ምርጫ፣ ይኸው ፓርቲ ከ543 መቀመጫዎች ያገኘው 44 ብቻ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ታሪክ የአንድ ፓርቲ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሕዝብ በየጊዜው ድምፅ በሚሰጥበት አገር የአንድ ድርጅት የበላይነት ምን ላይ እንደሚቆም፣ ከየት በኩል መሰንጠቅ እንደሚጀምር፣ መውደቁም ለምን ዘግይቶ እንደሚታይ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ብዙዎች የኮንግረስን ውድቀት በ2014ቱ ውጤት ይለኩታል። ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራ የቆየ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና።

ጥላው እንዴት ተዘረጋ

የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ በዲሴምበር 1885 በቦምቤይ ከተማ ሲመሠረት በጉባኤው የተገኙት 72 ልዑካን ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹም ጠበቆች፣ ጋዜጠኞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች፣ በአጠቃላይ በእንግሊዝ ትምህርት የተቀረጹ የከተማ ምሁራን ነበሩ። ለብዙ ዓመታት የድርጅቱ ሥራ በየዓመቱ ተሰብስቦ ለቅኝ ገዥው መንግሥት አቤቱታ ከማቅረብ ብዙም አላለፈም።

ይህን የምሁራን ሸንጎ ወደ ሕዝብ ድርጅት የለወጠው በ1920 በናግፑር ከተማ የተደረገው ጉባኤ ነው። በማህተማ ጋንዲ መሪነት በጸደቀው አዲስ ደንብ መሠረት የድርጅቱ የየአካባቢ ኮሚቴዎች በቅኝ ገዥው የአስተዳደር ክልል ሳይሆን በሕዝቡ ቋንቋ ተከፋፈሉ። የአባልነቱም መዋጮ አራት አና፣ ማለትም የአንድ ሩፒ ሩብ እንዲሆን ተወሰነ። ድሃ ገበሬ ሊከፍለው የሚችል ገንዘብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮንግረስ ከመንደር እስከ አገር አቀፍ ኮሚቴ የተያያዘ አካል ሆነ። በ1930 ጋንዲ የጨው ግብርን ለመቃወም ከሳባርማቲ ተነሥተው ወደ ዳንዲ ባሕር ዳርቻ በእግራቸው ሲጓዙ፣ በየመንደሩ የተቀበላቸው ሕዝብ ይህ አካል ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚመሰክር ነበር።

ስለዚህ ኦገስት 15 ቀን 1947 ነጻነት ሲታወጅ፣ ኮንግረስ ሥልጣን የተረከበው እንደ አንድ ተወዳዳሪ ፓርቲ ሳይሆን እንደ አገሪቱ ንቅናቄ ነበር። በጥላው ሥር ባለመሬቱና እኩል አራሹ፣ የጨርቃ ጨርቅ ከበርቴውና ወዛደሩ፣ ብራህማኑና ‹የማይነኩ› ተብለው ሲገፉ የኖሩት ዳሊቶች፣ ሂንዱውና ሙስሊሙ በአንድነት ተጠልለዋል። የጥቅማቸው ተቃርኖ አልጠፋም፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚካሄደው በድርጅቱ ውስጥ ነበር። ራጅኒ ኮታሪ የተባለው የሕንድ የፖለቲካ ሊቅ በ1964 ባሳተመው ጥናት ይህን አሠራር ‹የኮንግረስ ሥርዓት› ብሎ ሰየመው። እንደ ኮታሪ ትንተና፣ ከውጭ ያሉት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሥልጣን መያዝ ባይችሉም፣ በኮንግረስ ውስጥ ካሉት ልዩ ልዩ ወገኖች ጋር እየተናበቡ ገዥውን ፓርቲ ወደዚህም ወደዚያም ይገፉት ነበር። የፓርቲው ብርታት ጥላው ሰፊ መሆኑ ብቻ አልነበረም፤ በጥላው ሥር ያለው ሰው ሲያጉረመርም የሚሰማበት ጆሮ የነበረው መሆኑም ጭምር ነው።

አደጋውን አስቀድሞ ያየ ሰው ከተፈለገ ራሱ ጋንዲ ነው። ጃንዋሪ 29 ቀን 1948፣ በጥይት ከመገደላቸው አንድ ቀን በፊት፣ ጋንዲ ባዘጋጁት የደንብ ረቂቅ ኮንግረስ በፖለቲካ ድርጅትነቱ እንዲፈርስና የሕዝብ አገልጋዮች ማኅበር ሆኖ እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበው ነበር። ነጻነትን ያስገኘ ድርጅት ያንን ውለታ ለዘለዓለም የሥልጣን ርስት ያደርገዋል የሚል ሥጋት የነበራቸው ይመስላል። የፓርቲው መሪዎች ሐሳቡን አልተቀበሉትም። አዲሲቱን አገር የሚያስተዳድር ሌላ የተደራጀ ኀይል አልነበረምና፣ ያለመቀበላቸው ምክንያት የሚናቅ አይደለም።

ቁጥር የሸፈነው እውነት

የኮንግረስን የበላይነት ለመረዳት አንድ የሒሳብ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በሕንድ የምርጫ ሕግ መሠረት በአንድ የምርጫ ወረዳ አሸናፊ የሚሆነው ከሌሎቹ አብልጦ ድምፅ ያገኘው ተወዳዳሪ ነው፤ ግማሽ ድምፅ መሙላት አይጠበቅበትም። በ1952 ኮንግረስ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 45 ሲሆን የያዘው መቀመጫ ግን ከመቶ 74 ያህል ነበር። በ1957 ከመቶ 48 በማይሞላ ድምፅ 371፣ በ1962 ከመቶ 45 በማይሞላ ድምፅ 361 መቀመጫ ወሰደ። በጠቅላላ ምርጫዎች ታሪክ ሁሉ ኮንግረስ የመራጩን ግማሽ ድምፅ ያገኘበት አንድም ጊዜ የለም።

ይህ ማለት ገና ከጧቱ፣ ጃዋሃርላል ኔህሩ በክብራቸው ጫፍ ላይ በነበሩበት ጊዜ እንኳ፣ ከሁለት መራጮች ከአንዱ የሚበልጠው ሌላ ፓርቲ ወይም የግል ተወዳዳሪ ይመርጥ ነበር ማለት ነው። ይህ ድምፅ በኮሙኒስቶች፣ በሶሻሊስቶች፣ በሂንዱ ብሔርተኞች፣ በመሳፍንት ወገኖችና በየአካባቢው ፓርቲዎች መካከል ስለ ተበታተነ ብቻ ኀይል ሊሆን አልቻለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው፤ ድሩ እስኪያብር ድረስ ግን አንበሳው በኀይሉ የቆመ እንጂ በሌሎች መበታተን የቆመ መሆኑን አያውቅም።

ከዚህም ሌላ በመንደር ያለው የኮንግረስ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የተሰበሰበው በመሬት ባለቤቱ በኩል ነበር። በ1950ዎቹ የወጡት የመሬት ሕጎች ዛሚንዳር የተባሉትን ታላላቅ የግብር ባላባቶች ቢሽሩም፣ ይበልጥ የጠቀሙት የተሻለ ይዞታ የነበራቸውን ገበሬዎች ነው። መሬት አልባው የቀን ሠራተኛ ከዚሁ ሀብታም ገበሬ እህል ይበደራል፣ በእርሱ ማሳ ላይ ይሠራል፣ በምርጫም ቀን እርሱ ያመለከተውን ሥዕል ይመርጣል። ይህ ሰንሰለት እስከ ጸና ድረስ ኮንግረስ ጸንቷል። ሰንሰለቱ የታሰረው ግን በሰዎች ጥገኝነት ላይ ነበርና፣ ድሃው ቀና ማለት በጀመረ ቁጥር መላላቱ አይቀርም ነበር።

የማድራስ ተውኔትና ፊልም ጸሐፊዎች

የመጀመሪያው ስንጥቅ በደቡብ ታየ። በ1957 የኬራላ ክፍለ ሀገር ሕዝብ በኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ የሚመራውን ኮሙኒስት ፓርቲ በምርጫ ለመንግሥትነት አበቃ። በጁላይ 1959 ማዕከላዊው መንግሥት ይህን የተመረጠ መንግሥት ከሥልጣን አስወገደው። ኮንግረስ ሕዝብ የሰጠውን ፍርድ ሕዝብ ራሱ እስኪያነሣው መጠበቅ ያቃተው ያን ጊዜ ነው፤ የኋለኛው ዘመን ልማዱም በዚያ ታይቷል።

ከኬራላ ይልቅ ለኪነ ጥበብ ሰዎች የቀረበው ታሪክ የማድራስ ነው። በዚያ ክፍለ ሀገር በ1949 የተመሠረተው ድራቪዳ ሙኔትራ ካዛጋም (ዲ.ኤም.ኬ.) የተባለ ፓርቲ ከመሪዎቹ ብዙዎቹ የመድረክና የፊልም ሰዎች ነበሩ። መሪው ሲ. ኤን. አናዱራይ ተውኔትና የፊልም ድርሰት ይጽፋል። ኤም. ካሩናኒዲ በ1952 ለወጣው ‹ፓራሳክቲ› የተባለ ፊልም ንግግሩን ጽፏል። ኤም. ጂ. ራማቻንድራን ደግሞ ሠፊው ሕዝብ የሚያመልከው ተዋናይ ነበር። የፓርቲው የምርጫ ምልክት የምትወጣ ፀሐይ ናት። ኮንግረስ በአዋጅና በስታቲስቲክስ ሲናገር፣ እነዚህ ሰዎች በታሚል ቋንቋ፣ በመንደር የፊልም ድንኳን፣ በዳስ ተውኔት ስለ ብራህማን ትምክህትና ስለ ደሃ ክብር ይናገሩ ነበር። በ1965 ማዕከላዊው መንግሥት ሂንዲን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ ለማድረግ በተነሣ ጊዜ፣ የማድራስ ተማሪዎች አመፅ ይህን የተዘራ ስሜት ወደ አደባባይ አወጣው።

በ1967ቱ ምርጫ ዲ.ኤም.ኬ. ከ234 የክፍለ ሀገሩ መቀመጫዎች ከ130 በላይ ሲወስድ፣ ኮንግረስ 50 ያህል ብቻ ቀረው። የሁለቱ ፓርቲዎች ድምፅ ግን ተቀራራቢ፣ ለእያንዳንዳቸው ከመቶ 41 ገደማ ነበር። ዲ.ኤም.ኬ. ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋር ተባብሮ በመወዳደሩ፣ ለሃያ ዓመት ኮንግረስን ያገለገለው ሒሳብ በአንድ ቀን ፊቱን አዞረበት። በዚያው ምርጫ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን በመምረጥ ‹ንጉሥ አንጋሽ› የተባሉት የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ኬ. ካማራጅ፣ በተወለዱበት ቪሩዱናጋር ወረዳ በአንድ የተማሪዎች መሪ ተሸነፉ። ካማራጅ ሌባም ሰነፍም አልነበሩም። በዋና ሚኒስትርነት ዘመናቸው ትምህርት ቤቶችን ያስፋፉ፣ ለድሃ ተማሪዎች የምሳ ምግብ እንዲሰጥ ያደረጉ ሰው ናቸው። እርሳቸው ባስፋፉት ትምህርት ቤት ያደገው ትውልድ ነው ሌላ ቋንቋ መናገር የጀመረው።

በአጠቃላይ በ1967 ኮንግረስ በስምንት ክፍላተ ሀገር አብላጫውን አጣ። በማዕከላዊው ምክር ቤት ግን ከ520 መቀመጫዎች 283ቱን ይዞ ቀጠለ። የድምፁ ድርሻ ወደ 41 ከመቶ ቢያሽቆለቁልም፣ መንግሥትነቱ ስላልተነካ ብዙ መሪዎች ነገሩን እንደ ማለፊያ ሕመም ቆጠሩት።

በሬዎቹ ከቀንበር ሲፈቱ

ሕመሙን በቁም ነገር የወሰዱት በጃንዋሪ 1966 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኢንዲራ ጋንዲ ናቸው። መድኀኒቱ ግን ከሕመሙ የከፋ ሆነ። በ1969 ከነባሮቹ የፓርቲው አለቆች ጋር በተነሣው ጠብ ኮንግረስ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ወገን ‹እኔ ነኝ ኮንግረስ› ስላለ ጥንድ በሬዎቹ ለማንኛቸውም ሳይሰጡ ቀሩ። የኢንዲራ ወገን የምታጠባ ላምና ጥጃ፣ የነባሮቹ ወገን ጥጥ የምትፈትል ሴት የሚያሳይ ሥዕል ያዘ። የመጀመሪያው ምልክት ከምርጫ ሣጥን ላይ የተነሣው በተቃዋሚ ድል ሳይሆን በቤት ውስጥ ጠብ ነው።

በዚሁ ዓመት 14 ታላላቅ ባንኮች የመንግሥት ንብረት ሆኑ፤ ቀጥሎም ለመሳፍንቱ ይከፈል የነበረው ጡረታ ቀረ። በ1971ዱ ምርጫ ኢንዲራ ጋንዲ ‹ድህነት ይወገድ› የሚል መፈክር ይዘው፣ የየመንደሩን የፓርቲ አለቃ ሳይለማመጡ በቀጥታ ለድሃው ተናገሩ። ድሃውም ሰማቸው፤ 352 መቀመጫ ተገኘ። ድሃው በባለመሬቱ በኩል ሳይሆን በራሱ እንዲመርጥ መጠራቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ በፈረሰው የአማላጅ ሰንሰለት ምትክ ሌላ የሕዝብ ድርጅት አልተተከለም። የክፍላተ ሀገር ዋና ሚኒስትሮች ከኒው ዴልሂ እየተሾሙ ከኒው ዴልሂ ይሻሩ ጀመር። ከ1972 በኋላም ለሃያ ዓመት ያህል በፓርቲው ውስጥ የአመራር ምርጫ ሳይደረግ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ፓርቲው ታላቅ ድል ሲያገኝ የሚሰማበትን ጆሮ አጣ።

ጁን 12 ቀን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በምርጫ ዘመቻ የመንግሥት ሠራተኛና ንብረት ተጠቅመዋል በሚል የጠቅላይ ሚኒስትሯን የ1971 መመረጥ ሻረው። በቢሃር የተነሣው የጃያፕራካሽ ናራያን ንቅናቄም ከሥልጣን እንዲወርዱ ጠየቀ። መልሱ ጁን 25 ሌሊት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነበር። በዚያው ሌሊት ወደ ዴልሂ ማተሚያ ቤቶች የሚሄደው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። በ21 ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ያለ ፍርድ ታሰሩ። ‹ኪሳ ኩርሲ ካ› (የወንበሩ ታሪክ) የተባለው ሥልጣንን የሚቀልድ ፊልም ታገደ፣ ቅጂዎቹም እንዲጠፉ ተደረገ። ታዋቂው ዘፋኝ ኪሾር ኩማር ለመንግሥት ዝግጅት አልዘፍንም በማለቱ ዘፈኖቹ ከሬዲዮ ታገዱ። በ1976ና 1977 ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳይወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በኮታ፣ በማስፈራራትና በግዳጅ የተወሰዱ የሰሜን ሕንድ ድሆች ነበሩ።

በጃንዋሪ 1977 ኢንዲራ ጋንዲ ምርጫ እንዲደረግ ወሰኑ። ጋዜጣው ሁሉ የሚጽፈው ምስጋና፣ ሹማምንቱም የሚያቀርቡት ዘገባ የሰመረ ስለ ነበር፣ አሸናፊነታቸውን ያልተጠራጠሩ ይመስላል። ሐሳቡን የሚገልጽበት ቦታ ያጣ ሕዝብ ለገዥው የሚያሳየው ፊት የተሸፈነ ፊት ነውና፣ ሳንሱሩ ከሁሉ በፊት ያሳወረው ራሱን አሳዋሪውን ነበር። የዳሊቶች ታላቅ መሪ ጃግጂቫን ራም ከመንግሥት ወጥተው ከተቃዋሚዎች ጋር ቆሙ። ተበታትነው የኖሩት ፓርቲዎች ጃናታ በተባለ አንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። በመጋቢት ወር ሲቈጠር ኮንግረስ ከ542 መቀመጫዎች 154 ብቻ አገኘ። በኡታር ፕራዴሽ ከ85፣ በቢሃር ከ54 መቀመጫዎች አንድም አልቀረለትም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ራሳቸው በራይ ባሬሊ ወረዳ ተሸነፉ። ያሸነፈው ወገን የተወዳደረበት ምልክት በመንኮራኩር ውስጥ የቆመ፣ ሞፈር የተሸከመ ገበሬ ነበር። የበሬዎቹ ጌታ ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ሌላ ደጅ ሄደ ቢባል ያስኬዳል።

በታሪክ መዝገብ መጻፍ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ኢንዲራ ጋንዲ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ከሥልጣን ወረዱ። ሠላሳ ዓመት በመንግሥትነት የኖረ ፓርቲ በወረቀት ቁራጭ ወርዶ በሕይወት መቆየት እንደሚችል ያን ቀን ተረጋገጠ።

የድሉ ቁመትና የመሠረቱ ጥልቀት

ጃናታ በመሪዎቹ ሽኩቻ በ1979 ፈረሰ፤ በጃንዋሪ 1980 ኢንዲራ ጋንዲ የተዘረጋ እጅ በሚያሳይ አዲስ ምልክት 353 መቀመጫ ይዘው ተመለሱ። ኦክቶበር 31 ቀን 1984 በጠባቂዎቻቸው ተገደሉ። ከሁለት ወር በኋላ በተደረገው ምርጫ ልጃቸው ራጂቭ ጋንዲ ከመቶ 49 በሆነ ድምፅ ከ400 በላይ መቀመጫ አገኘ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እስከ 2024 ድረስ ይህን ያህል ያገኘ ፓርቲ የለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ግን ይህ ክምር ወደ 197 ወረደ።

ይህን ያህል ፈጥኖ የፈረሰው በ1984 የታየው ድል የሐዘን ድል ስለ ነበረ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት አስቀድሞ ተሸርሽሯል። በሰሜን ሕንድ ኮንግረስን ሲደግፉ የኖሩት ሦስት ወገኖች፣ ብራህማኖች፣ ዳሊቶችና ሙስሊሞች፣ በየፊናቸው መንገድ ጀመሩ። በ1984 ካንሺ ራም የመሠረቱት የዝሆን ምልክት ያለው ባሁጃን ሳማጅ ፓርቲ፣ ዳሊቱን ‹ድምፅህን ለሌላ ጠባቂ አትስጥ፣ ለራስህ ስጥ› ይለው ነበር። በ1995 ማያዋቲ የተባለች ዳሊት ሴት መምህርት የኡታር ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር ሆነች። በኦገስት 1990 የቪ. ፒ. ሲንግ መንግሥት ከማዕከላዊው መንግሥት የሥራ ቦታዎች 27 ከመቶ ‹ኋላ ቀር› ለሚባሉት የመካከለኛ ካስት ወገኖች እንዲጠበቅ ማወጁም እነዚህን ብዙኃን ወደ ራሳቸው ፓርቲዎች ሰበሰባቸው። ካስት የተባለው የውልደት ደረጃ ሲገዛበት የነበረው ሕዝብ፣ በዚያው በውልደት ስሙ ተደራጅቶ ድርሻውን ጠየቀ።

በሌላው ወገን የሂንዱ ብሔርተኝነት ተነሣ። ከጃንዋሪ 1987 እስከ ጁላይ 1988 በየእሑዱ ጧት በመንግሥት ቴሌቪዥን የታየው ‹ራማያን› የተባለ ተከታታይ ድራማ ጎዳናዎችን ባዶ ያስቀር ነበር። ድራማው የተላለፈው በኮንግረስ መንግሥት ዘመን ነው። ፍሬውን ግን ሌላ ለቀመው፤ በድራማው ሲታንና ራቫናን ሆነው የተጫወቱት ተዋንያን በ1991 ለብሃራቲያ ጃናታ ፓርቲ ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። በአዮድያ ከተማ በሚገኘው የባብሪ መስጊድ ስፍራ የራማ መቅደስ ይሠራ የሚለው ዘመቻ አገሩን አዳረሰ። ዲሴምበር 6 ቀን 1992 መስጊዱ በሕዝብ ክምችት ፈረሰ፤ በተከተለውም ሁከት ብዙ ደም ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ ማዕከላዊውን መንግሥት የያዘው ኮንግረስ ነበር። ሙስሊሙ ጠባቂዬ ያለው ፓርቲ እንዳልጠበቀው አየ፤ የሂንዱ ብሔርተኛውም በኮንግረስ ውስጥ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

የቤንጋል ምስክርነት

ይህ ደዌ የኮንግረስ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ምዕራብ ቤንጋልን መመልከት ይበቃል። በዚያ ክፍለ ሀገር በኮሙኒስቶች የሚመራው የግራ ግንባር ከ1977 እስከ 2011 ለ34 ዓመታት በምርጫ ገዝቷል። ለዚህ ያበቃው ባዶ መፈክር አልነበረም። ከ1978 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እኩል አራሾችን እየመዘገበ ከመሬታቸው እንዳይነቀሉና ተገቢ ድርሻቸውን እንዲያገኙ በሕግ አስከበረላቸው። ገበሬውም ውለታውን በየምርጫው መለሰ።

በጊዜ ብዛት ግን የፓርቲው የመንደር ኮሚቴ ዳኛም፣ ሥራ ሰጪም፣ የጎረቤት ጠብ አስታራቂም ሆነ። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የሚሆን ነገር ጠፋ። በ2006 ግንባሩ ከ294 መቀመጫዎች 235 ወሰደ። በዚያው ዓመት በሲንጉር ለመኪና ፋብሪካ፣ ቀጥሎም በናንዲግራም ለኢንዱስትሪ ቀጠና ተብሎ የገበሬ መሬት ሊወሰድ ሆነ። ማርች 14 ቀን 2007 በናንዲግራም ፖሊስ ተኩሶ 14 የመንደሩን ነዋሪዎች ገደለ። መሬትን ለአራሹ አረጋግጦ የነገሠ ፓርቲ በመሬት ምክንያት በገበሬ ላይ አስተኮሰ። በ2011 ከ235ቱ መቀመጫ 62 ቀረ። ስሙ የገበሬና የወዛደር መሆኑ ብቻ ፓርቲውን አላዳነውም፤ ሕዝቡ የሚለካው ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነበርና።

የተተኪው ረጅም መንገድ

ኮንግረስ ሲወድቅ ቦታውን የያዘው ኀይልም ድንገት የበቀለ አልነበረም። ኮንግረስ በ1920 በታደሰባት በዚያችው በናግፑር ከተማ፣ በ1925 ራሽትሪያ ስዋያምሴቫክ ሳንግ የተባለው የሂንዱ ብሔርተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ከእርሱ ጋር የተሳሰረው ጃና ሳንግ የተባለ ፓርቲ በ1952 በዘይት መብራት ምልክት ተወዳድሮ 3 መቀመጫ አገኘ። በ1980 ብሃራቲያ ጃናታ ፓርቲ ተብሎ በሎተስ አበባ ምልክት ሲቋቋም፣ በመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ በ1984 ያገኘው 2 ብቻ ነበር። ከዚያ በ1989 ወደ 85፣ በ1996 ወደ 161 ደረሰ። በ2014 በናሬንድራ ሞዲ መሪነት 282 መቀመጫ ይዞ ብቻውን አብላጫ ሆነ። በእነዚያ ሁሉ የሽንፈት ዓመታት በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ወጣት ሲያሠለጥን፣ የዕለት ስብሰባ ሲያደርግ የነበረው ማኅበር ከጀርባው ነበር። ኮንግረስ በሥልጣን ዘመኑ የጣለውን የመንደር ሥራ ተቀናቃኙ ከሥልጣን ውጭ ሆኖ አነሣው።

በ2014 አሸናፊው ያገኘው ድምፅ ከመቶ 31 ነበር። ለኔህሩ ዘመን ኮንግረስ ያደላው ያ የጥንቱ ሒሳብ አሁን ለሎተሱ አደላ። በ2019 መቀመጫው ወደ 303 ከፍ አለ። በጃንዋሪ 2024 የአዮድያው መቅደስ በታላቅ ሥርዓት ተመረቀ። በዚያው ዓመት ምርጫ ግን ፓርቲው 240 ብቻ አግኝቶ፣ ለአብላጫ የሚያስፈልገውን 272 ባለመሙላቱ መንግሥት የመሠረተው ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ነው። አዮድያ የምትገኝበት የፋይዛባድ ወረዳ ራሱ ለተቃዋሚ ድምፅ ሰጠ። ኮንግረስ 99 መቀመጫ አገኘ። ማንም ፓርቲ የመራጩን ልብ በቋሚነት አልገዛም።

በመዝገብ ያልተጻፉት

የመጀመሪያው የሕንድ ምርጫ መዝገብ ሲዘጋጅ ሳይመዘገቡ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ለመዝጋቢው ስማቸውን ከመናገር ይልቅ ‹የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት› ብቻ ስላሉ ከመዝገቡ ተሰረዙ። ስማቸውን ለባዕድ መናገር በአካባቢያቸው ልማድ ነውር ነበር። በ1962 እንኳ ድምፅ ከሰጡት ሴቶች ድርሻ የወንዶቹ በብዙ ይበልጥ ነበር። በ2019 ግን ከተመዘገቡት ሴቶች ድምፅ የሰጡት ከመቶ 67 ሆነው ወንዶቹን በጥቂት በለጡ።

በጥንድ በሬዎቹና በሎተሱ መካከል የተፈጸመው ዋናው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ፓርቲዎቹ ሥዕል ሲለዋውጡ መራጩ ራሱ ሌላ ሰው ሆኗል። ስሙን መናገር ያፍር የነበረው ስሙን ጽፎ ይመጣል፤ በጌታው ጣት ሥዕል ይመርጥ የነበረው የራሱን ሥዕል ሠርቷል፤ ዝም ይል የነበረው በድራማና በዘፈን ይናገራል። የበላይነቱን ያጣ ፓርቲ ሁሉ ያጣው ይህን ለውጥ ባለማየቱ ነው። ነጻነት ያወጣውን ሕዝብ እንደ ዛሬው ሕዝብ ቆጥሮ፣ ትናንት የተሰጠውን ድምፅ እንደ ርስት ደብዳቤ ይዞ ተቀመጠ።

ከሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን የርስት ማኅተም ሆኖ አያውቅም። ቀንበሩ ከበሬዎቹ ጫንቃ ላይ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ወረቀቱም በየአምስት ዓመቱ ከመራጩ እጅ ይወጣል፤ የሚገባበትን ሣጥን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።